አልጋና ቁም ሣጥን፣ ሃምሳ ሁለት ሰዓት

«እኔ ግን ይህን ሁሉ ወር ስከፍል የኖርኩት ለምኑ ነው?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የታጠፈ ብር፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ክንዷ ላይ ዱቄት አለ፤ የጠዋቱን ዳቦ ሸጣ ሳትታጠብ ነው የመጣችው። ጥያቄው ለልጅቱ ነበር፤ በሩን የከፈተችላት ግን እናትየው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ክርና የልብስ ቁልፍ በአንዲት መስኮት ትሸጥ ስለነበር መንገዱ ሁሉ እስከ ዛሬ «እትዬ ክር» ነው የሚላት። ቁልፍ በፍሬ፣ ክር በጥቅል፣ ላስቲክ በክንድ ነበር። ገዢ «ለምኑ ነው?» ካላት ዕቃውን አንስታ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ነገር አለቀ። ልጇ የምትሸጠውን ግን መዳፍ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።

ልጅቱ የትንንሽ ነጋዴዎችን ገጽ ታስተዳድራለች። ባለሱቆቹ ጊዜም ትዕግሥትም ስለሌላቸው ስልክ ላይ ያለውን ጣጣ ለእሷ አስረክበዋል፤ ዕቃቸውን ፎቶ ታነሣለች፣ ጽሑፍ ትጽፍበታለች፣ ትለጥፋለች፣ ለጠየቀ ሰው ሁሉ እንደ ባለቤቱ ሆና ትመልሳለች። ስድስት ደንበኞች አሏት፤ ስድስቱም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው፤ ስድስቱም በወር ሁለት ሺህ ይከፍላሉ። ሁለት ሺህ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ይህችው ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ «ስንት ልስጥሽ?» ስትላት ልጅቱ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። ሌሎቹም «ለእሷ ስንት ነው?» እያሉ በዚያው ዋጋ ገቡ። ትናንት ግን ልጅቱ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዋጋ ይስተካከላል» የሚል መልእክት ለሁሉም ላከች፤ ነጋዴ ደግሞ «ይስተካከላል» ሲባል «ይጨምራል» ማለት መሆኑን ያውቃል። ዳቦ ጋጋሪዋን ከእነዱቄቷ ያስመጣት ይኸው ነው።

ልጅቱ ቤት አልነበረችም። አጎቷ ሱቅ አዲስ የመጡ አልጋዎችን ፎቶ ልታነሣ በጠዋት ሄዳለች። እናትየው «ስትመጣ እነግራታለሁ» ብላ ብትመልሳት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሰው መንገድ አቋርጦ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አትችልም፤ የሱቅ ልማድ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ልጅቱ ሦስት ቀን ስትጽፍ ስትሰርዝ የከረመችበት ነው፤ «ምንድን ነው?» ስትላት «የዋጋ ነገር ነው፣ እማ» ብላታለች። ዋጋ ከሆነ ዋጋ ለጠየቀ ሰው ይነበባል።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበራት። ማንበብ ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ጉልበቷ የማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ተቀምጣ ትማራለች። አስተማሪዋ በዕድሜ ልጇን ታክላለች፤ ሁልጊዜ ግን እንደ ሽማግሌ ነው የምትናገረው፦ «ያያችሁትን ሁሉ አንብቡ። የጀመራችሁትን ግን ሳትጨርሱ አታቁሙ። ግማሽ ያነበበ ሰው ጭራሽ ካላነበበው ይብሳል።» እናትየው ይህን እንደ ትእዛዝ ይዛዋለች። የመድኃኒት ካርቶን፣ የታክሲ በር፣ «ሽንት መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን አጥር ሁሉ ቆማ ትጨርሳለች። በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ግን አንብባ አታውቅም።

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች።

«ዳቦ… ቤት። ስድስት ሰዓት። ሁለት ሺህ።» ዞር ብላ ዳቦ ጋጋሪዋን አየቻት። ሴትዮዋ አንገቷን ሰግጋ ታዳምጣለች፤ ጥሩ እየሄደ መሰላት። «ፀጉር ቤት። ስምንት ሰዓት። ሁለት ሺህ። ልብስ… ስፌት። ሰባት ሰዓት። ሁለት ሺህ።» መነጽር ቤቱና ጫማ ቤቱ ላይ ትንሽ ተደናቀፈች፤ ተመልሳ አስተካከለችው። «አልጋና ቁም… ሣጥን። ሃምሳ ሁለት ሰዓት። ሁለት ሺህ።» ከዚያ በታች፣ ከወረቀቱ ግርጌ፣ አነስ ባለ ጽሑፍ አንድ መስመር ነበረች። የጀመሩትን ማቆም የለም። «አጎቴን… ማን… ይነግረዋል።»

ላብ በግንባሯ ችፍ ብሏል። ጨረሰችው።

«እስቲ የአልጋውን ይድገሙልኝ፣ እትዬ ክር» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

እናትየው ደስ እያላት ደገመችው፤ በዚህኛው ፈጠን ብላ አነበበችው።

«ስድስት ሰዓት ማለት ልጅዎ ለእኔ በወር የምትሠራው ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ለወንድምዎ ለጋሼ ደግሞ ሃምሳ ሁለት። ሁለታችንም ሁለት ሺህ።» ዳቦ ጋጋሪዋ ብሩን እንደገና አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ታዲያ የጋሼን አልጋ የምሸከመው እኔ ነኛ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ።» ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ዞር ብላ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ጎበዝ ሆነዋል ግን። በደንብ ያነባሉ» አለች።

እናትየው በሩን ዘግታ መሐል ቤት ቆመች። መቆም ካልሆነ ሌላ ብዙ የሚደረግበት ቤትም አይደለም። አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የልጅቱ ወንበር። በሩ ሲከፈት የጠረጴዛውን ጠርዝ ስለሚመታ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ አያውቅም፤ የገባ ሰው ሁሉ ጎኑን አዙሮ ነው የሚገባው። ክፍሉ የወንድሟ ነው። ከግቢው ጀርባ፣ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ ወንድሟ የተከመረውን የእንጨት ቁራጭ አስወጥቶ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቶ፣ ቁልፉን በእጇ ላይ አድርጎ «ግቡ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ስንት ነው አላለችውም፤ ይህን ያህል ነው አላላትም። አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ልጅቱ ሥራ ስትጀምር አጎቷ «የእኔንም ሱቅ ያዢው እንጂ» አለ፤ ያዘችው። እሱም እንደ ሰው ሁሉ ሁለት ሺህ ይከፍላል፤ ያውም ሳይጠየቅ፣ በወሩ መጀመሪያ። እናትየው ይህን እንደ ትልቅ ክብር ነበር የምትቆጥረው። አሁን ወረቀቱን እንደገና አየችው። ሰዓቱ ለምን እንደተጻፈ አልገባትም። ሃምሳ ሁለት ሰዓት ውለታ ነው ወይስ ስሕተት? ልጇ ወንድሟን እየከሰሰችው ነው ወይስ ዝም ብላ ነው የቆጠረችው? የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታችኛዋ መስመር ለሰው የተጻፈች አልነበረችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ወሬው ሳይቀድማት ልጇን ልትይዛት።

ወሬው ቀድሟት ነበር። በዳቦ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መሐል አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ሰውዬ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ፀጉሩን አጋምሶ፣ መቀሱን እንደያዘ ወደ በር ብቅ አለ።

«እትዬ ክር፣ እኔ ስምንት ሰዓት ነኝ አሉ?»

«ማን አለህ?»

«ዳቦ። እሷ ስድስት ናት አለች። በሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምበልጣት ማለት ነው?» ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ አልሳቀም። «ልጅዎ የእኔን ሥራ ስታየው ስምንት ሰዓት ብቻ ታየችው? እኔ እኮ የሙሽራ ሥራ እሠራለሁ።»

እናትየው ግራ ገባት። ዳቦ ጋጋሪዋ በስድስቷ የተቆጣችው ክፍያው ስለበዛባት ነው፤ ይህኛው በስምንቱ የተቆጣው ሰዓቱ ስላነሰው ነው። አንድ ወረቀት እንዴት አድርጎ ሁለቱንም ያስቀይማል? «ስምንት ጥሩ ነው» አለችው፣ ለሕፃን እንደሚባል። «ሰባትም አለ።»

«ማነው ሰባት?»

አፏን ያዘች። መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ «ልብስ ሰፊው ይሆናል፣ ሰባት እሱ ነው» ሲል ሰማችው።

የወንድሟ ሱቅ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሩቅ ቫርኒሹ ይሸታል። ውስጡ አልጋ በአልጋ ላይ፣ ቁም ሣጥን ከቁም ሣጥን ጋር ተጠጋግቶ ሰው የሚያልፈው በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ነው። ልጅቱ መሬት ላይ ተንበርክካ ስልኳን ወደ ላይ አንጋጣ የአንዱን አልጋ ራስጌ ታነሣለች። ወንድምየው ከኋላዋ ቆሞ ያዛታል፦ «ከዚህ፤ አይ፣ ከዚያ፤ ጥላሽ ገባ፤ እንደገና።» እህቱን ሲያያት ፊቱ ፈካ። ፍራሽ ላይ አስቀመጣት፤ ፍራሹ ከነላስቲኩ ነው፣ በተነቃነቀች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ አልተነቃነቀችም። ሻይ አስመጣላት። ልጅቱ ቀና ብላ «ምነው፣ እማ? ደህና ነሽ?» አለቻት። እሷም «ደህና ነኝ፤ በዚያው ሳልፍ ነው» አለች። ሱቁ ግን የመንገድ መጨረሻ ነው፤ በዚያ የሚታለፍበት የለም።

በሰው ፊት ልትነግራት አልቻለችም። በወንድሟ ፊት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሻይዋን ይዛ ተቀመጠች። ወንድምየው የሰሞኑን ነገር ያጫውታታል፤ የእንጨት ዋጋ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ የማጓጓዣ መኪናው ጎማ አልቋል፤ ሚስቱን ጉልበቷን ያማታል። ከዚያ የልጅቱን ስልክ ከእጇ ወሰደና ለእህቱ አቀበላት። «እንኪ፣ ተማሪዋ። የትናንቱን አልጋ ስንት ሰው እንዳየው አንብቢልኝ እስቲ።»

ከፎቶው ሥር ሰዎች የጻፉት ተደርድሯል። ጣቷን አደረገች። «ስንት ነው። ስንት ነው። ዋጋ። ስንት ነው ባክህ። ስንት ነው።» እንዲህ ቀላል ንባብ አጋጥሟት አያውቅም፤ አንዱን ያወቀ ሁሉንም ያውቃል። ወረድ ብትል አሁንም እሱው ነው። «ጋሼ፣ ሁሉም ስንት ነው ነው የሚሉት። ለምን አትጽፍላቸውም?»

«አዬ፣ አንቺ ክር ሻጭ ነሽ፣ የአልጋ ንግድ አይገባሽም» አለ በፍቅር። «ዋጋ ከጻፍሽ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይፈርዳል። እግሩ ከመጣ ግን ልቡም ይመጣል። በውስጥ እንነጋገር ነው የሚባለው።»

ልጅቱ ስልኳን ተቀብላ ግድግዳ ተደግፋ መመለስ ጀመረች። እናትየው ዓይን ዓይኗን አየቻት። አውራ ጣቷ ይሮጣል። ለመጀመሪያው ሰው በውስጥ መስመር ሰላምታ ትጽፋለች፤ ሰውዬው «ስንት ነው?» ይላል፤ «ሱቃችን ይምጡና ይነጋገሩ» ትላለች፤ «ለማወቅ ያህል» ይላል፤ ርዝመቱን ትነግረዋለች፤ «እሺ ስንት ነው?» ይላል። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሣል። ዳቦ ዋጋው ይታወቃል። ፀጉር ቤቱም ዋጋውን መስታወቱ ላይ ጽፏል፤ ልጅቱም ያንኑ ነው የለጠፈችው። አልጋው ብቻ ነው ዋጋ የሌለው። ሃምሳ ሁለቱ ሰዓት የት እንደሚገባ እናትየው ያን ጊዜ በዓይኗ አየችው። ላስቲክ ስትሸጥ ክንዷ ረጅም ስለነበረ ሰው ሁሉ ከእሷ መግዛት ይወድ ነበር፤ በዚያ ላይ ምርቃት ትጨምራለች። ምርቃት ግን አንዲት ጣት ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ልጅቱ ለአጎቷ የምትሰጠው ከጥቅሉ ሁሉ የሚበልጥ ምርቃት ነው። ይህን አስባ ሳትጨርስ ቀለም የተቀባው ግድግዳና «ግቡ» የሚለው ቃል ትዝ አላትና ሐሳቧ ተመልሶ ተዘበራረቀ። ያስ ምርቃት አይደለም?

በዚህ መሐል ፀጉር አስተካካዩ ገባ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፤ ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር አለ። በመተላለፊያው ጎኑን አዙሮ እያለፈ፣ «እንደምን ዋሉ፣ ሃምሳ ሁለት ሰዓት?» አለ ለወንድምየው።

«ምን አልከኝ?»

«ምነው፣ አልሰሙም? ሁላችንም እኮ ቁጥር ሆነናል። እኔ ስምንት ነኝ። እርስዎ አለቃችን ነዎት።» ወደ ልጅቱ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ስምንት ብቻ? እኔን የሚያህል ሰው?»

ልጅቱ ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ስምንት የሆንከው ጥሩ ስለሆንክ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዋጋህን ስለምትጽፍ ማንም አይጨቀጭቀኝም። ዋጋህ እንዲያውም ይቀንሳል። ማን ነገረህ?»

«ዳቦ ናት። ለዳቦ ማን እንደነገራት…» ብሎ እናትየውን አየ። አንደበቱ ቢፈጥንም ክፉ ሰው አልነበረም። ወደ አንዱ ቁም ሣጥን ዞሮ መስታወቱ ላይ የራሱን ፀጉር ማስተካከል ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየው። ፍራሹ ተንኮሻኮሸ። «ስትጠይቀኝ አነበብኩላት። ግድግዳው ላይ ያለውን።»

«ሁሉንም?» አለች ልጅቱ።

«ሁሉንም።»

«የታችኛውንም?»

«የታችኛውንም።»

ወንድምየው አንዴ እህቱን አንዴ የእህቱን ልጅ አየ። «ምንድን ነው የታችኛው? ምን ይላል?»

ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች፤ ፀጉር አስተካካዩ የግራውን ጨርሶ የቀኙን ጀምሯል። እናትየው ሻይዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሰው ጠይቋት አውቃ ዝም ያለችበት ቀን የለም።

«በየወሩ ለማን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ነው የጻፈችው፣ ጋሼ። ለዳቦ ስድስት፣ ለአንተ ሃምሳ ሁለት። ሁሉም ሁለት ሺህ። ከታች ደግሞ፣ አጎቴን ማን ይነግረዋል ይላል።»

የነገረችው እሷ መሆኗ የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው።

ወንድምየው ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ የአልጋውን ራስጌ መወልወል ጀመረ። ራስጌው ንጹሕ ነበር፤ ለፎቶ ሲባል ጠዋት ተወልውሏል። ወለወለው፣ ወለወለው። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠ፣ «ቤቱስ?» አለ። ድምፁ አልጠነከረም፤ ያ ነው ያስፈራት። «አሥራ አንድ ዓመት። እሱ ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔም እሱን አላውቀውም» አለች እናትየው። ለነገር አልነበረም ያለችው፤ እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ መጨረሻ ስታስበው የኖረችው ጥያቄ ነው፤ ተናግራው አታውቅም እንጂ። «ስንት ነው፣ ጋሼ?»

ወንድምየው ዞረ። አፉን ከፈተ፤ ቁጥር ሊወጣ ነው ብላ ጠበቀች። ግን ሃያ ዓመት የለመደ ምላስ የለመደውን ነው የሚያወጣው። «እሱን… በውስጥ እንነጋገራለን» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ሳል አደረገው። «ዘመድ ከዘመዱ… እኔ ሰው ወንበር ላይ ትቻለሁ» ብሎ ጎኑን አዙሮ ወጣ።

እናትና ልጅ አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ረዘመ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ገባ ብላ ከዳቦ ጋጋሪዋ ጋር ትንሽ ተነጋገረች፤ እናትየው ውጭ ቆማ «ትኩስ ዳቦ ደርሷል» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበበች። ልጅቱ ስትወጣ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ለምን ሁሉንም አነበብሽው፣ እማ?»

«አስተማሪዋ ያልጨረሰ ሰው…»

«አውቃለሁ። ግማሽ ያነበበ።» ጥቂት ሄዱ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሳስብ የነበረው እኮ እሱን እንዴት ልንገረው ብዬ ነው። ቃል እየመረጥኩ። በምን ልጀምር፣ በምን ላለዝበው።»

«ተቆጣሽኝ?»

«አላውቅም።»

እናትየው ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ለየትኛው መስመር እንደሆነ ግን አታውቅም። በመጨረሻ እውነት የሆነውን አንድ ነገር ተናገረች። «ፊደልሽ ግን ቆንጆ ነው። ጎልቶ ይነበባል።»

ልጅቱ ቆም ብላ አየቻት፤ ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ወንድምየው የራሱን ቤት አንኳኩቶ አያውቅም ነበር፤ «አላችሁ?» ብሎ ጎኑን አዙሮ ይገባ ነበር። አሁን ግን አንኳኩቶ ውጭ ቆመ። «ግባ እንጂ» ሲባልም አልገባም። አንድ የታጠፈ ወረቀት ለእህቱ ሰጣት። የሱቁ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው የጻፈው። እናትየው ገልጣ አየችው። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ተራርቋል፤ እንዳይጠፋባት ብሎ አንድ በአንድ እየለቀመ እንደጻፈው ያስታውቃል። የገዛ ልጁን ፊደል ሲያስቆጥር እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀም። ጣቷን አድርጋ፣ እሱ ቆሞ እየሰማት፣ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ለ… እህቴ። የክፍሉ ኪራይ… በወር… ሁለት ሺህ። ወንድምሽ።»

ጨረሰችው። ቀና ስትል ወንድሟ ሲያያት አገኘችው።

«በደንብ ታነቢያለሽ» አለ። ከዚያም ለልጅቱ፣ ወደ ውስጥ ሳያይ፣ «ነገ ጠዋት መጥተሽ የአልጋዎቹን ዋጋ ጻፊ። የሁሉንም» አላት። ሄደ።

ልጅቱ ወረቀቱን ተቀብላ ተመለከተችው። «ይህን የሚያህል ክፍል እኮ በዚህ ሠፈር ስድስት ሺህ ነው» አለች። «ጠይቄ አውቃለሁ።» እናትየው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ሁለት ሺህ። ልጅቱ ከእሱ የምትቀበለው ሁለት ሺህ። ተካካስን ማለቱ ነው? ቅር ብሎኛል ማለቱ ነው? ስድስት ሺህ ከሆነ ስድስቱም በየወሩ ምርቃት ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ታዲያ ዳቦ ጋጋሪዋ አልጋውን ስትሸከም፣ ልጅቱ ሰዓቱን ስትሸከም፣ እሱ ደግሞ ቤቱን ሲሸከም፣ ማን ነው ማንን ተሸክሞ የኖረው? ቁልፍ ቢሆን ቆጥራ ትደርስበት ነበር። ወረቀቱን ልታስቀምጠው ይሁን ልትጥለው አላወቀችም። በሕይወቷ አንድም ሰው ደብዳቤ ጽፎላት አያውቅም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ «ለእህቴ» ብሎ ይጀምራል። አጥፋ የትምህርት ቤት ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ልጅቱ በሚቀጥለው ወር ሰዓቱን በሁለት መቶ ብር አስልታ ዋጋውን ለሁሉም ላከች። ዳቦ ጋጋሪዋ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ደረሳት፤ በዚያው ቀን ከፍላ ደንበኛ ሆና ቀረች። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሲባል «ረከስኩ» ብሎ ሄደ፤ ሦስት ሺህ የምታስከፍል ሌላ ልጅ አገኘ፤ አሁን በኩራት ያወራል። ሌሎቹ ሦስቱ ቀሩ። ወንድምየው አልጋዎቹ ላይ ሁሉ ዋጋ አስጻፈ፤ ሃምሳ ሁለቱ ሰዓት ሃያ ሆነ፤ አራት ሺህ ይከፍላል፣ አሁንም ሳይጠየቅ፣ አሁንም በወሩ መጀመሪያ። እሱም ቀረ።

ልጅቱ ከአውቶቡሱ መስመር ማዶ አንድ ክፍል ተከራየች። በሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ይከፈታል። «ቤቱ ከዋጋው በታች ከሆነ እኔም ከዋጋዬ በታች እየሠራሁ እኖራለሁ፣ እማ፤ ነይ አብረን እንሂድ» አለቻት። እናትየው ትምህርት ቤቱ ከዚህ ይቀርበኛል አለች። መስኮቷን ከፍታ ጥቂት ክርና ቁልፍ አንጠለጠለች፤ ዋጋውን ራሷ ጻፈችበት። በየወሩ ሁለት ሺህ ለወንድሟ ትሰጠዋለች፤ እሱም በትልልቅ ፊደል ደረሰኝ ይጽፍላታል፤ ቆሞ ስታነብ ይሰማታል።

ልጅቱ ሄደች። እናትየው ቀረች።